ስሙን ቄስ ይጥራው

አማርኛችን ጨዋ ቋንቋ ነው። ንጉሡም ለማኙም በየቀኑ የሚያደርጉትን አንድ ነገር በስሙ ላለመጥራት የማይዞረው ዙሪያ የለም። “ደጅ ወጣ” እንላለን። “ወገቡን ሊሞክር ሄደ” እንላለን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ደግሞ “ዓይነ ምድር” የምትል ለስለስ ያለች ቃል አለችን። ነገሩ ከዚህም የከበደ ሲመስለን “ስሙን ቄስ ይጥራውና” ብለን እናልፈዋለን።

ዛሬ ቄሱን ሳላስቸግር እኔው ልጠራው ነው። የምጽፈው ስለ ሰገራ ነው። ቁርስ ላይ ያላችሁ ገጹን አጥፋችሁ አቆዩትና ከቡናው በኋላ ተመለሱበት፤ አልቀየምም። ብቻ መመለሱን አትርሱ። የማወራችሁ ሰዎች ስለሞቱበት ነገር ነው። ይህ ሁላችን የምንጸየፈው ነገር ሰውን ከሞት አፋፍ እንደሚመልስ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ የሕክምናው ዓለም በወጉ መርምሮ እስኪቀበለው ድረስ 55 ዓመት ፈጅቷል። ሃምሳ አምስት ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ማለት ነው። ያዘገየው ደግሞ የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። መጸየፍም ነበረበት።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ ታሪኩ የተፈጸመው እነሱ ዘንድ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። በ1935 አይቫን ሆልና ኤልዛቤት ኦቱል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ገና በተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደሚኖር ለማወቅ የሕፃናቱን ሰገራ ይመረምሩ ነበር። በዚህ መሀል ከዚያ በፊት ያልታወቀ አንድ ባክቴሪያ አገኙ። አየር አይወድም፤ ለብቻው ለይቶ ማሳደጉ ፍዳ ነው። ስለዚህ “ባሲለስ ዲፊሲሊስ” አሉት። ዲፊሲሊስ በላቲን “አስቸጋሪ” እንደማለት ነው። ኋላ ላይ የቤተሰብ ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ዛሬ “ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲሌ” ይባላል። ሐኪሞች ግን ባጭሩ “ሲ ዲፍ” ነው የሚሉት፤ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ይህ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ የቤተ ሙከራ እንስሳትን ይገድላል። ሕፃናቱ ግን ተሸክመውት አንዳች አልሆኑም። ጡታቸውን ይጠባሉ፣ ይተኛሉ፣ ያድጋሉ። ገዳይ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አይነካም! እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ሳይገኝ ነገሩ ተረሳ። ባክቴሪያውም በመጻሕፍት ጥግ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ተኛ።

በዚህ መካከል የአንቲባዮቲክ ዘመን ገባ። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኙት ፔኒሲሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በገፍ መመረት ጀመረ። እሱን ተከትሎ ስትሬፕቶማይሲን መጣ፤ ክሎራምፌኒኮል መጣ፤ የነቴትራሳይክሊን ቤተሰብ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዛባብኝ፤ አንቲባዮቲክ የሚሊዮኖችን ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ያኔ የሳንባ ምች ወጣቱን ይጥል ነበር፤ ወላዷን ከወለደች በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ይገድላት ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስቆም መድኃኒት ሲገኝ ሰው ቢፈነድቅ አይፈረድበትም።

ግን ደስታ ሲበዛ ማስተዋል ያሳጣል። ባክቴሪያ ማለት ጠላት ማለት ብቻ መሰለ። ጠላት ከሆነ ደግሞ መጨረስ ነው፤ ወዳጅ ይኑር አይኑር ማን ይጠይቃል? በ1950ዎቹ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው አስቀድሞ አንጀቱን በአንቲባዮቲክ “ማጽዳት” የተለመደ ሆነ። እናላችሁ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ወደ ቤቱ ሊሄድ ከተዘጋጀው ሰው መካከል አንዳንዱን ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጡ አይቆምም። ትኩሳት ይጨመርበታል። የትልቁ አንጀቱ ግድግዳ ቢጫና ነጭ በሆነ ልባጭ ይሸፈናል። ከዚያም ብዙዎቹ ይሞታሉ። ሐኪሞቹ ስታፊሎኮከስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ያመጣው ነው ብለው ያምኑ ነበር።

እዚያው ዴንቨር ዶክተር ቤን አይዝማን የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ይህ በሽታ የያዛቸው አራት ሕመምተኞች እጃቸው ላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሞት አፋፍ የደረሱ። የነበረው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልያዘላቸውም። አይዝማንና ባልደረቦቻቸው ያሰቡት ሐሳብ ዛሬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንቲባዮቲኩ የአንጀቱን ነዋሪ ክፉውንም ደጉንም ጨርሶት ከሆነ፣ ደጉን ከጤነኛ ሰው ተውሶ መመለስ ነው። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ ተበጥብጦ በታች በኩል በኤኔማ ተሰጣቸው። አራቱም ዳኑ። ያውም በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ!

ይህ ተጽፎ በ1958 “ሰርጀሪ” በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጣ። ልብ በሉ፤ ባክቴሪያው ስም የተሰጠው ዴንቨር ነው፤ መድኃኒቱ የተሞከረውም ዴንቨር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 23 ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን አልነበረም። በሽታውንም መድኃኒቱንም አንድ ከተማ ውስጥ አስቀምጠው ሳያስተዋውቋቸው ቀሩ።

ታዲያ የአይዝማን ሥራ ለምን አልተስፋፋም? እኔ እንደማየው ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አራት ሰው ጥቂት ነው፤ ሐኪም በአራት ሰው ብቻ አይፈርድም። ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ግን ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ በአርባ ሰው፣ በአራት መቶ ሰው ይሞከር ነበር። ሁለተኛ፣ በዚያው በ1958 ቫንኮማይሲን የተባለ አዲስ አንቲባዮቲክ በአሜሪካ ተፈቀደ። እንግዲህ በአንድ በኩል ፋብሪካ የሠራው፣ ስም የተለጠፈበት ጠርሙስ አለ፤ በሌላ በኩል ፖፖ አለ። ማን እንደሚመረጥ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በዚያ ላይ ፖፖ ባለቤት የለውም፤ የፈጠራ መብት አውጥቶ የሚነግድበት የለም። ሦስተኛው ግልጽ ነው፤ ያስጸይፋል። የትኛው ፕሮፌሰር ነው ስብሰባ ላይ ቆሞ “እኔ የማጠናው ሰገራ ነው” የሚለው?

ዓመታት አለፉ። በ1974 በሴንት ሉዊስ ከተማ ፍራንሲስ ቴደስኮ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ክሊንዳማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የወሰዱ 200 ሕመምተኞችን ተከታተሉ። ከመቶው 21 ተቅማጥ ያዛቸው፤ ከመቶው 10 ደግሞ አንጀታቸው ያንን ልባጭ አወጣ። ነገሩ ከእንግዲህ አልፎ አልፎ የሚደርስ አጋጣሚ ነው ሊባል አልቻለም። በ1978 ጆን ባርትሌትና ባልደረቦቻቸው፣ ሃምስተር በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ አጥንተው፣ የሕመምተኞችንም ሰገራ መርምረው ወንጀለኛውን ለዩት። ስታፊሎኮከስ በሐሰት ተወንጅሎ ኖሯል! ወንጀለኛው ያ በ1935 ሕፃናቱ ዘንድ የተገኘው “አስቸጋሪው” ነበር።

የዴንቨሩም እንቆቅልሽ በዚህ ፈር ያዘ። ገዳዩ በቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይገድልም። የሚገድለው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው።

እስቲ አሠራሩን በገበሬ ዓይን እንየው። ሰብል ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት ማሳ ላይ አረም መተንፈሻ ያጣል። ያንን ማሳ እሳት ቢበላውና ባዶውን ቢተው ግን ቀድሞ ብቅ የሚለው ማን ነው? አረሙ ነው። የሰው ትልቁ አንጀት እንደዚያ ማሳ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ስሌት እንደሚለው 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው ያሉት። መቶ ምናምን ዓይነት አይደሉም፤ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ናቸው። አንዱ የበላነውን ይፈጫል፣ አንዱ የሌላውን ትራፊ ይበላል፣ አንዱ የአንጀትን ግድግዳ ይቀልባል። ለሲ ዲፍ የሚተርፍ ምግብም ቦታም የለም።

ከዚህም ሌላ የሐሞት ነገር አለ። ጉበታችን የሚያመነጨው ሐሞት ወደ አንጀት ሲወርድ ነዋሪዎቹ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል። የተለወጠው ሐሞት የሲ ዲፍን ዕድገት ያፍናል። ያልተለወጠው ግን ለሲ ዲፍ እንደ ዝናብ ነው፤ የተኛውን ዘር ያበቅለዋል። አዎ፣ ሲ ዲፍ ዘር አለው። “ስፖር” ይሉታል። ነገሩ ሲከፋበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ድርቀት አይገድለውም፤ አልኮል አይገድለውም፤ አንቲባዮቲክም አይገድለውም። ነዋሪዎቹ ባክቴሪያዎች በአንቲባዮቲክ ሲያልቁ ሐሞቱን የሚለውጥ ይጠፋል፤ ዘሩ ይነቃል፤ መርዙን ይረጫል። አበው “የተናቀ ከተማ በአህያ ይወረራል” ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ባዶ ማሳ ላይ የበቀለን አረም በምን ታጠፋዋለህ? ሐኪሞቹ ቫንኮማይሲን ሰጡ። በእርግጥ ይሠራል፤ ተቅማጡ ይቆማል፤ ብዙ ሰውም ይድናል፤ ዛሬም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ግን ስፖሩን አይነካውም። ሊያገግሙ የጀመሩትን ወዳጆችም አብሮ ይመታል። እሾህን በእሾህ ይባላል፤ እዚህ ግን ሁለተኛው እሾህ ራሱ ተሰብሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ከአምስት ሰው አንዱ ላይ በሽታው ይመለሳል። አንዴ የተመለሰበት ሰው ደግሞ እንደገና የሚመለስበት ዕድል ይበልጥ ይጨምራል። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ የሚያስሮጥ ተቅማጥ፣ ለወራት! ሰውየው ሥራ ያቆማል። ከሰው ጋር መብላት ያቆማል። አውቶቡስ መሳፈር ይፈራል። ይከሳል። በዚያ ላይ ያፍራል፤ ሕመሙን የሚያጫውተው ሰው የለውማ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ኬቤክ ግዛት ሆስፒታሎች ውስጥ ከቀድሞው የከፋ የሲ ዲፍ ዝርያ ተነሥቶ ብዙ አረጋውያንን ጨረሰ። ያው ዝርያ በአሜሪካና በአውሮፓም ታየ። በአሜሪካ በ2011 ብቻ 453,000 ያህል ሰዎች በሲ ዲፍ እንደተያዙ፣ ከእነሱም 29,000 ያህሉ በሽታው በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ እንደሞቱ የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ገምተዋል። ይህ የሆነው ገንዘብ በሞላበት፣ መሣሪያ በተትረፈረፈበት አገር ነው።

የአይዝማንን መንገድ ያልረሱ ጥቂት ሐኪሞች ግን በየአገሩ ነበሩ። በ1983 ስዊድን ውስጥ አንዲት በሲ ዲፍ የምትሠቃይ ሕመምተኛ በዚሁ ዘዴ ድናለች። አውስትራሊያ ሲድኒ ዶክተር ቶማስ ቦሮዲ ከ1988 ጀምሮ ይህን ሕክምና ይሰጡ ነበር። አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ደግሞ ዶክተር አሌክሳንደር ኮሩትስ በ2008 ስምንት ወር ሙሉ ተቅማጥ አልቆም ያላትን አንዲት ሴት አከሙ። ለጋሹ ባሏ ነበር። “ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል” የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ሠራ። ከሕክምናው በፊት በአንጀቷ የነበሩት ባክቴሪያዎች የጤነኛ ሰው አይመስሉም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመረመር የባሏ ባክቴሪያዎች ቤት ሠርተው፣ ጎጆ ወጥተው ተገኙ። ተቅማጡም ቆመ።

እንዲህም ሆኖ የሕክምናው ዓለም “ማስረጃ አምጡ” አለ። መጠየቁ ልክ ነው። ማስረጃው በጥር 2013 ከአምስተርዳም መጣ። ኤልስ ቫን ኖድ፣ ጆስበርት ኬለርና ባልደረቦቻቸው ሲ ዲፍ የሚመላለስባቸውን ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ቫንኮማይሲን ብቻ ወሰደ፤ ከ13 ሰው 4 ዳኑ። ሁለተኛው ከቫንኮማይሲኑ ጋር አንጀቱ ታጠበለት፤ ከ13 ሰው 3 ዳኑ። ሦስተኛው ጥቂት ቀን ቫንኮማይሲን ወስዶ፣ አንጀቱ ታጥቦ፣ ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ በአፍንጫ በኩል ባለፈ ቀጭን ቱቦ ወደ አንጀቱ ወረደለት። ከ16 ሰው 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ከቀሩት ሁለቱ ሲደገምላቸው ዳኑ። ከ16 ሰው 15 ማለት ነው። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ስለገነነ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በሌሎቹ ቡድኖች ያሉት ሲያገረሽባቸውም ያንኑ የሰገራ ሕክምና ተሰጣቸው።

ከ1958 እስከ 2013 ቁጠሩት፤ 55 ዓመት ነው።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው “ይሄማ የጥንት ሰው ያውቀው ነበር” የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው። ቻይና ውስጥ በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም፣ በምግብ መመረዝና በከባድ ተቅማጥ ለታመመ ሰው የጤነኛ ሰው ሰገራ በፈሳሽ መልክ እንደሚሰጥ ጽፎ ትቷል። እኛም አገር “አባቶቻችን ሁሉንም ያውቁ ነበር” ማለት እንወዳለን። ግን ማወቅና ማረጋገጥ ይለያያሉ። የጥንቱ ዕውቀት ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚበጅ፣ ለየትኛው እንደማይበጅ፣ ከሰጪው ወደ ተቀባዩ የሚሄድ ሌላ በሽታ እንዳለ አይነግረንም። አምስተርዳሞቹ የጨመሩት ይህንን ነው፤ ዕጣ አወጡ፣ ቆጠሩ፣ አነጻጸሩ። ለጋሹን ከሰጪነት በፊት መረመሩት። የአባቶችን ዕውቀት ማክበር ማለት እንዲህ አድርጎ መፈተን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ2012 የተመሠረተው ኦፕንባዮም የሚባል ድርጅት እንደ ደም ባንክ ያለ የሰገራ ባንክ ከፍቶ ለሆስፒታሎች ማደል ጀመረ። ለለጋሾቹ በአንድ ልገሳ 40 ዶላር ይከፍል ነበር። ደስ አይበላችሁ፤ አመልካቹ ብዙ፣ ምርመራውን የሚያልፈው ግን ጥቂት ነበር። ጥንቃቄው የአጉል እንዳልሆነ በ2019 ታየ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሁለት ሕመምተኞች ከለጋሽ ሰገራ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እንደተላለፈባቸው፣ አንዱም እንደሞተ አስታወቀ። ያ ባክቴሪያ በለጋሹ ላይ አልተመረመረም ነበር። ስለዚህ “ቤቴ ውስጥ ልሞክረው” የሚል ካለ እባካችሁ ተው በሉት። ጥንት ከመጸየፍ የሞትነው አንሶ ዛሬ ደግሞ ከመድፈር እንዳንሞት።

በኅዳር 2022 ሬባዮታ የተባለ በታች በኩል የሚሰጥ ዝግጅት፣ በሚያዝያ 2023 ደግሞ ቫውስት የተባለ የሚዋጥ እንክብል በአሜሪካ ተፈቀዱ። ቫውስት ውስጥ ያለው ከለጋሾች ሰገራ የተጣራ የደጋግ ባክቴሪያዎች ስፖር ነው። ክፉው ዘር ካለው ደጉም ዘር አለው! በተደረገው ሙከራ በስምንት ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው፣ እንክብሉን ከወሰዱት ከመቶ 12፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 40 ነበሩ። መድኃኒቱ ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 17,500 ዶላር ነው። በ1958 “ማን ይነካዋል” የተባለው ነገር ባለቤት ሲያገኝ ዋጋው እንዲህ ሆነ። ፖፖውም በመጨረሻ ስም የተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ ገባ።

አሁን ደግሞ ሌላው ጽንፍ መጥቷል። የአንጀት ባክቴሪያ ለውፍረትም፣ ለጭንቀትም፣ ለእርጅናም መድኃኒት ነው የሚል ንግድ በየቦታው ይጮኻል። ምርምሩ ቀጥሏል፤ ይቀጥልም። እስካሁን በጠንካራ ማስረጃ የቆመው ግን ይሄው የሚመላለስ የሲ ዲፍ ሕመም ነው። በተረፈ ብልቃጥ ይዞ “የአንጀት ሰላም” የሚሸጥላችሁን ሰው የአምስተርዳም ዓይነት ማስረጃ ጠይቁት።

“ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ዴንቨርና አምስተርዳም ያሉት ይጨነቁበት” የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ሁለት ነገር ይታየኛል።

የመጀመሪያው የመድኃኒት መደብሩ ነገር ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጋችን ይከለክላል። እኛ ግን ጉንፋን ሲይዘን “እስቲ አሞክሳሲሊን ስጠኝ” ብለን ገዝተን እንወጣለን። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ታዲያ የዋጥነው እንክብል ማንን ነካ? ያንን 38 ትሪሊዮን ሕዝብ! ሦስት ቀን ውጠን ሲሻለን እናቆምና የቀረውን በብልቃጡ እናስቀምጣለን፤ ጎረቤት ሲታመም “ይሄ ለእኔ ያዘልኝ ነው” ብለን እናካፍላለን። ደግነት ነው እኮ! ግን የማን ማሳ እንደምናቃጥል አናውቅም። ሐኪም አይቶ ያዘዘላችሁን እንዳዘዘው ውሰዱ። ያላዘዘውን ተዉት። ሁሉ ተቅማጥ ሲ ዲፍ አይደለም፤ በእኛ አገር ተቅማጥ የሚያመጣው ብዙ ነው። አንቲባዮቲክ በወሰዳችሁ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚጀምር፣ የማይቆም ተቅማጥ ሲገጥማችሁ ግን “መድኃኒቱ ሆዴን ነካካኝ” ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሐኪሙ “ሰሞኑን ምን መድኃኒት ወሰድክ?” ብሎ ባይጠይቃችሁ እንኳ ራሳችሁ ንገሩት። ሆስፒታል ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱም በአልኮል እጃችሁን አሸት አሸት አድርጋችሁ አትመለሱ፤ ስፖሩ በአልኮል አይሞትም ብያችኋለሁ። በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። እናቶቻችን ያስተማሩን መታጠብ ከውጭ ከሚመጣው ጄል የሚበልጥበት ቦታ አለ።

ሁለተኛው ነውር ነው። በሰፈራችን የነበሩ አንዲት ትልቅ እናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከቤት ከገቡ በኋላ ተቅማጥ ያዛቸው። ለልጆቻቸው አልተናገሩም። “ምን ብዬ ልናገር?” ነበር ያሉት በኋላ ሲጠየቁ። ምራታቸው ልብስ ልታጥብ ገብታ ነው የታወቀው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ መናገር አቅቷቸው ነበር። ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ተረፉ። በሽታቸው ሲ ዲፍ ነበር ማለቴ አይደለም። ሊገድላቸው የነበረው ተቅማጡ ብቻ እንዳልነበረ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አፋቸውን የዘጋው ጨዋነት ነው፤ እኛው ያስተማርናቸው ጨዋነት።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚህ በኩል ከእኛ አይሻሉም። የእኛ እናት ለምራታቸው መናገር አፈሩ፤ የእነሱ ፕሮፌሰር ለስብሰባው መናገር አፈረ። እሳቸው ሁለት ሳምንት ደበቁ፤ እነሱ 55 ዓመት ደበቁ። እና እባካችሁ፣ ቤታችን ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በተለይ ከሆስፒታል ሲመለሱ “ሆድዎ እንዴት ነው? ስንቴ ወጡ?” ብለን ደፍረን እንጠይቃቸው። ቢቆጡን ይቆጡን። ልጅ አይደለን? እሳቸውም አንድ ቀን እኛን ያለ ምንም መጸየፍ አጥበውናል።

ከሚያስጠይፍ በሽታም፣ ከሚገድል ይሉኝታም ይሰውረን!